የመመረቂያ ጽሑፍን በነጻ ጽሕፈት መጀመር

የመመረቂያ ጽሑፍ መጀመር የሚከብደውን ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያግደው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን፣ ሐሳቡን ገና ሳያወጣ ማረም መጀመሩ ነው። ስለዚህ የስልክዎን ሰዓት ለ10 ደቂቃ ሞልተው፣ የጥናቱን ጥያቄ በገጹ አናት ላይ ካሰፈሩ በኋላ፣ ሳይሰርዙና ወደ ኋላ ተመልሰው ሳያነቡ ይጻፉ፤ ነጻ ጽሕፈት የሚባለው ይህ ነው፤ ሐሳብ ቢቋረጥብዎት እንኳ «ምን ለማለት ነበር?» ብለው ይቀጥሉ።

ጥናቱ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ቢሆንም፣ በዚህ ደረጃ በሚያስቡበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ፣ መጻፉ እጅግ ይጠቅማል፤ ቃል ፍለጋውና ሐሳብ ፍለጋው በአንድ ጊዜ ሲመጡ አንዱ ሌላውን ያደናቅፋልና።

ከዚያም የጻፉትን አንብበው፣ በማስረጃ ሊሟገቱለት የሚችሉትን አንድ ዐረፍተ ነገር መርጠው፣ እርሱን መነሻ በማድረግ እንደገና ይጻፉ። ዋቢ የሚሻውን ቦታ «ምንጭ» ብለው ምልክት አድርገውበት ይለፉት፤ ምንጮቹን ማሟላትና ቋንቋውን ማረም የሚጀመረው መከራከሪያው ከተገኘ በኋላ ነው።