ሳንቲም ላይ ማን ይውጣ? እኔ የምመርጥበት መንገድ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሎንድሪ ቤት ስሠራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ማታ በር ከዘጋን በኋላ የማሽኖቹን ሳንቲም አራግፌ እቆጥራለሁ። አርባ ኳርተር (የሩብ ዶላር ሳንቲም) በአንድ የወረቀት ጥቅል ይገባል፣ አሥር ዶላር።

በ2023 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አንድ ምሽት ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጥቅል ታግዘኛለች። አንዷን ሳንቲም ወደ መብራቱ አስጠጋችና «እማዬ፣ ይቺ ማን ናት?» አለችኝ። ለበረራ የምትዘጋጅ ሴት ናት። ከደመና በላይ አውሮፕላን አለ፣ 6.15.1921 የሚል ቀንም ተጽፏል። አላውቃትም ነበር። ቆጠራውን ትተን ስልክ ላይ ፈለግን። ቤሲ ኮልማን ናት። ቺካጎ ውስጥ ጥፍር እየሠራች ትተዳደር ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴትን የሚያስተምር የበረራ ትምህርት ቤት ስታጣ ፈረንሳይኛ ተምራ ፈረንሳይ ሄደች። ሳንቲሙ ላይ ያለው ቀን የአብራሪነት ፈቃዷን ያገኘችበት ነው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የእኔ መለኪያ አንድ ነው። ሳንቲም ላይ መውጣት ያለበት ሰው «ማን ነው?» የሚያስብል ሰው ነው። ሁሉም የሚያውቀው ሰው ሐውልትም መንገድም አለው። ኳርተር ግን የማያውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል።

እናንተም ሰው ልትጠቁሙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ሕጉን እዩ። ከ2022 እስከ 2025 ሃያ ሴቶች ኳርተር ላይ ወጥተዋል፣ በዓመት አምስት። ሕጉ በሕይወት ያለን ሰው አይፈቅድም። ሕዝቡ ስም እንዲጠቁም በተጠየቀ ጊዜ እኔ አንዲት ሯጭ ጻፍኩ። ዕድሜዋ ይርዘምና በሕይወት አለች። ጥቆማዬ ባከነ። ከ2007 ጀምሮ የወጡት የፕሬዚዳንቶች ዶላር ሳንቲሞች ደግሞ የባሱ ነበሩ፤ ሰውየው ከሞተ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሊሞላው ይገባል። ደንቡን እደግፈዋለሁ። የሰው ሥራ ተመዝኖ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ማን እንደወጣ አጣሩ። ሊንከን በ1909 ፔኒ (አንድ ሳንቲም) ላይ ወጣ። ዋሽንግተን በ1932 ኳርተር ላይ፣ ጄፈርሰን በ1938 ኒክል (አምስት ሳንቲም) ላይ፣ ሩዝቬልት በ1946 ዳይም (አሥር ሳንቲም) ላይ ተከተሉ። እነዚህ በቀላሉ የሚነቀሉ አይደሉም፣ እነሱን ለማስነሳት ጉልበታችሁን አትጨርሱ።

አሁን ዋናው ሥራ። ወረቀት ላይ ኳርተር አስቀምጡና በእርሳስ ዙሩት። ስፋቱ 24 ሚሊሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በዚያ ክብ ውስጥ የሰውየውን ሥራ ሳሉ። ሥራውን ነው ያልኩት፣ ፊቱን አይደለም። «ታላቅ ሰው ነበር» አይሳልም። «መሪ ነበር» አይሳልም። ጠፈርተኛዋ ሳሊ ራይድ በመንኮራኩሯ መስኮት አጠገብ ሆና ምድርን ስታይ ይሳላል። በጣም የምወደው ግን የሃዋይዋ የኤዲት ካናካኦሌ ነው። የባህል ዳንስና ዝማሬ አስተማሪ ነበረች። ፀጉሯ ወርዶ ወርዶ የሃዋይ ተራራና መሬት ይሆናል። ሳንቲሙን ስታዘነብሉት ፀጉሩ የት አልቆ ተራራው የት እንደጀመረ አይታወቅም። ሴትየዋና አገሯ አንድ ሆነዋል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እናንተ የምትስሉት እንዲህ ካላማረ ግድ የለም፣ ነገሩ እዚያ ክብ ውስጥ መግባቱ ነው ቁም ነገሩ። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ፎቶ የለውም ብላችሁ ግን ማንንም አትጣሉ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከሾሾኒ የተወለደችው ሳካጋዊያ፣ በ2000 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ሳንቲም ላይ ስትወጣ በዘመኗ የተሳለ አንድም መልክ አልነበራትም። ቀራጺዋ ከዚያው ከሾሾኒ ሕዝብ የሆነች ወጣት ፊቷ አስቁማ ሠራቻት። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። እኛ ደግሞ አዘላን እናውቃለን፣ ያቺ ሳንቲም እጄ ስትገባ ሁልጊዜ አያታለሁ።

ከዚያ ጥቆማውን የት ትወስዱታላችሁ? የሴቶቹ ኳርተር አልቋል። ለአዲስ ሰው ክፍት የሆነው መንገድ የመታሰቢያ ሳንቲም ነው። እሱ ደግሞ በኮንግረስ ሕግ ይወጣል፣ በዓመት ከሁለት ፕሮግራም አይበልጥም። በ2024 የሃሪየት ተብማን የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የሚሄደው ለመረጣችሁት የኮንግረስ ተወካይ ነው። ባጭሩ ጻፉት፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ፣ ክቡ ውስጥ ምን እንደሚሳል። ዲዛይኑን የሚመክር አሥራ አንድ አባላት ያሉት የዜጎች የሳንቲም አማካሪ ኮሚቴም አለ። ሦስቱ መቀመጫ ሰፊውን ሕዝብ የሚወክሉ ናቸው፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የእኔ ሰው ጆን ሮቢንሰን ነው። ሚሲሲፒ ያደገ፣ ተስኪጊ የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ። ቺካጎ ያለ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት አላስገባ ሲለው እዚያው በጽዳት ተቀጥሮ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ። በኋላ ተማሪም ሆነ። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ልትወር ስትዘጋጅ ባሕር አቋርጦ መጣ፣ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መራ። በጦርነቱ ጊዜ አገሩ መመለስ ግድ ሆነበት። በ1944 እንደገና መጥቶ አብራሪዎቻችንን አሠለጠነ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። በአንድ ሕይወት የሁለት አገር ባለውለታ ነው፤ የአንዷ ሳንቲም ላይ እንኳ ቢወጣ ምን አለበት?

ክቡን የሳለችው ልጄ ናት። መጀመሪያ አውሮፕላንና የኢትዮጵያ ባንዲራ አደረገች። ባንዲራው ቀለም ከሌለው ሦስት መስመር ብቻ ሆነ፣ ተውነው። ቀጥሎ ሮቢንሰንን መጥረጊያ ይዞ፣ ከኋላው የአውሮፕላን ሞተር ተፈታትቶ፣ የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ሳለችው። በዚያች ክብ ውስጥ ሁሉም ገባ። ደብዳቤው ላይ ያያያዝነው እሱን ነው።