ተርቦ ሞተር ተገጥሞለት ቦሎ የተከለከለ ሂሉክስ፦ እንዴት ተስተካከለ

ችግሩ፦ ሞተሩ 2ኤል የነበረው ቶዮታ ሂሉክስ ባለ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) 2ኤል-ቲ ሞተር ተገጠመለት፤ ጎንደር ላይ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው አልገጥም አለ። ሁለቱም 2,446 ሲሲ፣ ሁለቱም ናፍጣ ስለሆኑ ብዙ ሰው «ምን ተለወጠና?» ይላል። ቁጥሩና የፈረስ ጉልበቱ ተለውጧል።

መፍትሔው የሚጀምረው ቁጥሩን አጥርቶ ከማንበብ ነው። ብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ የተመታው ቁጥር ላይ ጠመኔ ማሸት፤ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ግራይንደርና ብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካው! የተፋቀ ቁጥር ንጹሑን ሞተር የሌባ ያስመስለዋል። ከዚያ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና ከሽያጭ ደረሰኙ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከራል። ዜሮው «ኦ» ተብሎ ከተጻፈ መጀመሪያ ሰነዱ ይታረም። ሞተሩ ከተጋጨ መኪና የወጣ ከሆነ የዚያ መኪና ሊብሬና የሽያጭ ውል ያስፈልጋል።

እነዚህ ከጋራዡ ደብዳቤና ከማመልከቻ ጋር መኪናው ፋይል ላለበት የትራንስፖርት ቢሮ ይገባሉ። ሊብሬው ሲስተካከል ቦሎው ይከተላል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም ላይ የሞተር ቁጥር ካለ አብሮ ይቀየር፤ ይቺ ትረሳለች፣ አደጋ ሲደርስ ግን ትታወሳለች።

ከምርመራው በፊት የተርቦው ዘይት መመለሻ ቱቦ ይታይ። ሳይታጠፍ ቁልቁል መውረድ አለበት፤ ከረገበ ዘይቱ ወደ ኋላ ተመልሶ በተርቦው ሲል (ዘይት ማገጃ) ያልፍና ሰማያዊ ጭስ ያመጣል። የድሮው የናፍጣ ፖምፓ ሳይቀየር ከቀረ ደግሞ ተርቦው እየዞረም የአዘዞ ዳገት ያው ዳገት ነው። ራዲያተሩም ይታጠብ፤ የ2ኤል-ቲ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ሙቀት አይችልም፣ ይሰነጠቃል።