የተራራ ሳይክል ስትገዙ ጎማው ስንት ኢንች ይሁን?

ሳይክል ሊገዛ የወጣ ሰው ዋጋና ማርሽ ይጠይቃል። የጎማው ቁጥር ትዝ የሚለው በኋላ፣ ጎማው አልቆ ቅያሪ ፍለጋ ሲንከራተት ነው። ይህን ከመክፈላችሁ በፊት ብትጨርሱት ይሻላል።

1. የጎማውን ጎን አንብቡ

ለአዋቂ የሚሠሩ የተራራ ሳይክሎች በብዛት ሦስት መጠን አላቸው፦ 26፣ 27.5 እና 29 ኢንች። ኢንቹ ግን ያሳስታል። ጎማው ጎን ላይ ያለውን አቧራ ጠረግ አድርጋችሁ ብታዩ 52-559 የሚመስል ሌላ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 52 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 559 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው። ዋናው ቁጥር ይሄኛው ነው። የተራራ ሳይክል 26 ላይ 559፣ 27.5 ላይ 584፣ 29 ላይ 622 ይላል።

27.5 ስሙን ሲያዩት መሃል ላይ ያለ ይመስላል። ቀንሳችሁ እዩት፦ ከ26 የሚበልጠው በ25 ሚሊሜትር ነው፣ ከ29 የሚያንሰው ግን በ38። ሻጩ «ከ29 አይተናነስም» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ሌላም ጣጣ አለ። 26 × 1.95 እና 26 × 1 3/8 የሚሉ ጎማዎች ሁለቱም «26» ይባላሉ፤ አንዱ ግን የሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ሁለተኛው 590 ነው። ያገለገለ ሳይክል ከሆነ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱት። ቅያሪ ስትፈልጉ ለባለሱቁ ማሳየት ነው።

2. የምትነዱበትን መንገድ አስቡ

ትልቅ ጎማ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ እምብዛም አይደናቀፍም፤ ተንከባሎ ያልፋል። ኮብልስቶንና ጠጠር ለሚያዘወትር 29 ምቹ ነው። አንዴ ፍጥነት ከያዘም ቶሎ አይለቅም። በሌላ በኩል ይከብዳል፣ ከቆመበት ለማስነሳት ጉልበት ይጠይቃል፣ ጠባብ ኩርባ ላይም ይዘገያል። 27.5 እዚያ ላይ ቀልጠፍ ይላል።

ዳገቱን እንዳትረሱት። ሁለቱም 2.2 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ቢያደርጉ፣ በአንድ ዓይነት ማርሽ 29 በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር ከ26 በ9 በመቶ ገደማ ርቆ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ደስ ይላል፤ እንጦጦን ስትወጡ ግን ጭነቱ እግር ላይ ነው። ስለዚህ 29 ከመረጣችሁ ጥርስ ቁጠሩ። የፊቱ ትንሹ ማርሽ ከኋላው ትልቁ በጥርስ ባይበልጥ ይመረጣል።

«29 ካልሆነ አይረባም» ለሚሏችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ቼካዊው ያሮስላቭ ኩልሃቪ በ29 ወርቅ ሲወስድ፣ ስዊዘርላንዳዊው ኒኖ ሹርተር በ27.5 ነድቶ የተቀደመው በ1 ሰከንድ ነው።

3. ሳይክሉ ላይ ውጡበት

አጠር ያለ ሰው 29 ላይ መሪው ከፍ ይልበታል። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ሸሸት ሲልም የኋላው ጎማ ሱሪውን ሊነካው ይችላል። እንደ ትሬክ ያሉ አምራቾች በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ትንንሾቹን ፍሬሞች በ27.5፣ ትልልቆቹን በ29 የሚያወጡት አለምክንያት አይደለም። ቁመታችሁ ከ1.60 ሜትር በታች ከሆነ መጀመሪያ 27.5 ሞክሩ።

ሱቁ በር ላይ አንድ ነገር አድርጉ። አንዱን ፔዳል ወደ ፊት አድርጋችሁ እግራችሁን አሳርፉበት፣ መሪውን ከዚያ እግር በተቃራኒው በኩል አዙሩት። የጫማችሁ ጫፍ የፊቱን ጎማ ከነካ ያ ሳይክል ቀስ ብላችሁ በጠባቡ ስትታጠፉ ሊጥላችሁ ይችላል።

ለልጅ ከሆነ 20 ወይም 24 ነው። «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት ልጁን ከሳይክል ማጣላት ነው።

4. ቅያሪውን ጠይቁ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሰፈራችሁ ያለ ሳይክል ጠጋኝ ጋ ጎራ በሉ። የትኛው ጎማ በቀላሉ ይገኛል? የውስጥ ጎማውስ? ያገለገለ 26 ደህና ፍሬም ካለውና ጎማው ከተገኘ አትናቁት።

«በኋላ 27.5 ቸርኬ አስገባበታለሁ» የሚለው ሐሳብ ግን አያዋጣም። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን በ12.5 ሚሊሜትር ይስታል። የዲስክ ፍሬን ቢሆን እንኳ ጎማው ከፍሬሙ ጋር ሊተሻሽ ይችላል። ምቾት ከሆነ የፈለጋችሁት በዚያው 26 ቸርኬ ላይ 1.95 የነበረውን በ2.2 ቀይሩ፤ ቸርኬውና ፍሬሙ የሚችሉት ከሆነ። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ሳትወርዱ ንፋሱንም ትንሽ ቀነስ አድርጉት።