ሳይነስ ያለበት ሰው ጉንፋን ለምን ይበረታበታል? ችግርና መፍትሄ

ሥር የሰደደ ሳይነስ ያለባቸው ብዙ ሰዎች «ሰውነቴ ደካማ ነው፣ ጉንፋን አይለቀኝም» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የደከመው አፍንጫቸው ነው። የጉንፋን ቫይረስ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነውና አፍንጫው ሳይታከም ቫይታሚን ብቻ ቢወስዱ ለውጥ አይመጣም።

«ጉንፋኑ ሄደ ስል ይመለሳል»

መጀመሪያ መለየት ያለበት፣ የመጣው አዲስ ጉንፋን ነው ወይስ ያው የቆየው ሳይነስ የሚለው ነው። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይሻላል። የአፍንጫ መታፈን፣ ንፍጥ (ወደ ጉሮሮ የሚወርደውም ይቆጠራል)፣ ፊት ላይ የመክበድ ስሜት፣ ሽታ አለመለየት፤ ከእነዚህ ሁለቱ ለ12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ሥር የሰደደ ሳይነስ ይጠረጠራል። ከሁለቱ አንዱ የግድ መታፈን ወይም ንፍጥ መሆን አለበት። ራስ ምታት ብቻውን አይበቃም። «ሳይነሴ ተነሳ» የሚባለው ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ማይግሬን ሆኖ ይገኛል።

መፍትሄው ቀን መጻፍ ነው። መቼ እንደጀመረ፣ መቼ ሙሉ በሙሉ እንደለቀቀ ይመዝገብ። በመሀል አፍንጫው ጥርት የሚልበት ጊዜ ካለ ጉንፋን እየተደጋገመ ነው። ጨርሶ ከሌለ ግን የአንገት በላይ ሐኪም በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ወይም በሲቲ ስካን ማየት አለበት።

«ሌላው ሰው ቶሎ የሚገላገለው ጉንፋን እኔን ያሰነብተኛል»

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ጤነኛ የአፍንጫ ሽፋን ላይ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ። በሰከንድ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ እየተርገበገቡ ንፍጡን፣ ከነያዘው አቧራና ቫይረስ፣ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እዚያ ሲደርስ ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል። ሳይነሱ ለወራት ሲቆጣ ግን እነዚህ ፀጉሮች ይረግፋሉ፣ ይደክማሉ። ንፍጡም ይወፍራል። መወገድ የነበረበት ቫይረስ እዚያው ይቆያል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የሽፋኑ ሕዋሳት እርስ በርስ የተያያዙበት ቦታ ይላላል። ራይኖቫይረስ የሚባለው ዋናው የጉንፋን ቫይረስ ወደ ሕዋስ ለመግባት የሚይዘው አይካም-1 የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ቁጣ (የሽፋኑ መቅላትና ማበጥ) ባለበት ቦታ ይህ ፕሮቲን ይበዛል። በተለይ የአለርጂ ዓይነት ቁጣ ሲሆን ሕዋሳቱ ቫይረስን ለመከላከል የሚያመነጩት ኢንተርፌሮን ሊቀንስ ይችላል። በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት የሳይነስ ጉድጓዶች የሚሠሩት ናይትሪክ ኦክሳይድም ጀርሞችን ያዳክማል፤ መውጫቸው ሲዘጋ ግን አፍንጫ ውስጥ አይደርስም።

ይህ ማለት ግን ለሁሉም ቫይረስ እኩል መጋለጥ ማለት አይደለም። የኮቪድ ቫይረስ የሚገባበት ኤሲኢ-2 የተባለው ፕሮቲን በአለርጂ ዓይነት ቁጣ ጊዜ እንዲያውም ይቀንሳል። ስለዚህ «ሳይነስ ካለብህ ኮቪድ ይጥልሃል» ብሎ ሰው ማስፈራራት ትክክል አይደለም።

መፍትሄው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም በየቀኑ ይደረጋሉ።

አንደኛው በጨው ውሃ ማጠብ ነው። 240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለው ጨው፣ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ። ውሃው ለ1 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ለሚኖር 3 ደቂቃ። በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። አልፎ አልፎ አንጎልን የሚያጠቃ ገዳይ አሜባ ሊኖርበት ይችላል። ጎንበስ ብሎ ራስን ወደ ጎን ማዘንበል፣ አፍ ከፍቶ በአፍ መተንፈስ፣ በላይኛው ቀዳዳ ቀስ አድርጎ መልቀቅ። በታችኛው ይወጣል። ጠርሙሱም ታጥቦ ይድረቅ።

ሁለተኛው ሐኪም የሚያዘው፣ ቁጣን የሚቀንሰው የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው፤ ከታጠቡ በኋላ ይረጫል። ለግራው ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ ለቀኙ በግራ እጅ ይያዝ። ጫፉ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ያዘንብል እንጂ መሀሉን ግድግዳ አይምታ፤ ግድግዳው ይደማል። በኃይል መሳብ አያስፈልግም፤ ከተሳበ መድኃኒቱ ጉሮሮ ይገባል። ብዙ ሰው በጥቂት ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ ይተወዋል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ጉንፋን ሲይዝም አይቋረጥም።

«ጠብታው መሥራት አቆመ»

ቶሎ የሚከፍቱት ጠብታዎች፣ እነ ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፉ አፍንጫውን መልሰው ያፍኑታል። ሰው አሁንም ይጨምራል፤ አሁንም ይብሳል። ጠብታውን ማቆም ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ የስቴሮይድ ስፕሬዩ በዚያ ጊዜ ያግዛል።

«አንቲባዮቲክ ስወስድ ይሻለኛል፣ ሳቆም ይመለሳል»

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። አረንጓዴ ንፍጥም ብቻውን የባክቴሪያ ማስረጃ አይደለም። «ተሻለኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ስላለፈ ነው። ከ10 ቀን በላይ ሳይሻል ከቆየ፣ ወይም ተሽሎ እንደገና ከባሰ፣ ያኔ ሐኪም ይወስን። ካለፈው የተረፈ ክኒን መጀመር ግን በፍጹም አይገባም።

«ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ደረቴ ያፍናል»

አፍንጫና ሳንባ አንድ መንገድ ናቸው። ሥር የሰደደ ሳይነስ ካለ አስምም አብሮ ሊኖር ይችላል። ጉንፋን ደግሞ አስምን ከሚቀሰቅሱት ዋነኛው ነው። ትንፋሽ የሚያፏጭ ከሆነ ሳንባውም ይመርመር። ሽታ ከጠፋ ፖሊፕ (አፍንጫ ውስጥ የሚያድግ ለስላሳ እባጭ) ሊሆን ይችላል። ፖሊፕና አስም ኖሮበት አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሲወስድ የሚታፈን ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ራሱን የቻለ ሕመም ነው።

«ሁሉንም አደረግሁ፣ ለውጥ የለም»

ሲጋራ ካለ መቆም አለበት፤ ጭስ እነዚያን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዳክማል። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነና የሚሸት ንፍጥ ካለ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ይታይ። በአንድ ወገን ብቻ መታፈንና ደም ካለ ሳይዘገይ ይመርመር። የሳንባ ምችና የጆሮ ኢንፌክሽንም ከተደጋገሙ የመከላከል አቅም የደም ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ መከተብም አይዘንጋ፤ አስም ላለበት ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ከከባድ ራስ ምታት ጋር አንገት ከደረቀ ወይም ሰውየው ግራ ከተጋባ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።