ርካሽ ትንሽ የኮምፒውተር ኬዝ ስትገዙ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ

አራት ኪሎ ያለችው የፎቶ ኮፒና የዲዛይን ሱቄ ጠባብ ናት። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ ከፕሪንተሩ ጋር ቦታ ይሻማል። ስለዚህ የምገጣጥመው ኮምፒውተር ሁሉ በትንሽ ኬዝ፣ ማለትም ክፍሎቹ በሚገቡበት ትንሽ ሳጥን፣ ነው። ተማሪ ደንበኞቼም «አብረሽን ሄደሽ ምረጪልን» ይሉኛል።

ሻጭ የሚያሳያችሁ ፊቱን ነው፤ መስታወቱንና የሚብለጨለጨውን መብራት። እኔ «ወንድሜ፣ እስቲ አዙርልኝ» እላለሁ። ፋብሪካው ብር የቆጠበው ከጀርባ ነው። እንደ ግራፊክስ ካርድ ያሉ ተጨማሪ ካርዶች የሚገቡባቸው ቦታዎች ክዳን በብሎን የታሰረ ነው ወይስ ተጠምዞ የሚሰበር? የሚሰበረው አንዴ ከወጣ አይመለስም። ካርዱን ያነሳችሁ ቀን ቀዳዳው ለአቧራ ክፍት ይቀራል። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን የፓወር ሰፕላዩን ቦታም በሜትር ለኩ። 15 በ8.6 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የተለመደው ይገባል። 12.5 በ6.35 ገደማ ከሆነ ግን ትንሹን ዓይነት ነው የሚቀበለው። ኬዙ ላይ ያተረፋችሁትን እዚያ ትከፍላላችሁ።

ቀጥሎ ላሜራው። የጎን ክዳኑን መሃል በአውራ ጣት ጫን አድርጉ። በዚህ ዋጋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ላሜራ ነው የምታገኙት፤ ትንሽ ቢረግብ አይገርምም። «ቋ» ብሎ ገብቶ «ቋ» ብሎ የሚመለስ ከሆነ ግን ፋኑ ሲዞር ይንጫጫል። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ብርሃኑን ከጎን አጋድሙበት፤ የተደበቀው ጎድጓዳ ሁሉ ይወጣል። ከዚያ ክዳኑን አስከፍታችሁ የውስጡን ጠርዝ በሶፍት ዳብሱ። ሶፍቱን የቀደደ ጠርዝ ጣታችሁንም አይምርም።

አሁን ወደ ፊቱ እንምጣ፤ እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ትንሽ ማዘርቦርድ (ሌላው ክፍል ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) 17 በ17 ሳንቲ ሜትር ነው። ለእሱ የተሠራ ኬዝ ውስጥ ለአየር የሚተርፍ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገፋው ያነሰ አየር ነው የሚገፋው። ስለዚህ ድፍን መስታወት ፊት ያለው ትንሽ ኬዝ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ አልገዛም። ወንፊት የሚመስለውንም ዝም ብላችሁ አትመኑ። ባትሪውን ከውስጥ አስጠግታችሁ ከፊት ተመልከቱ። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ካልወጣ ከጀርባው ፕላስቲክ አለ፤ ወንፊቱ ለጌጥ ነው። መሃል ከተማ በመንገድና በሕንፃ ሥራ አቧራው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማጣሪያው ያለ ካቻቪቴ ተነቅሎ የሚታጠብ ይሁን። ካቻቪቴ የሚፈልገውን ማንም አያጥበውም፣ እኔንም ጨምሮ።

እግሮቹን ለማየት ኬዙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ማዕዘኖቹን በየተራ ተጫኑ። ቢወዛወዝ ፍሬሙ ወይም እግሩ ጠማማ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከታች አየር የሚስብ ከሆነ፣ በኬዙ ሆድና በጠረጴዛው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት።

ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ፊት ያለው ዩኤስቢ ላይ ሰክታችሁ ንቀሉት። ሶኬቱ አብሮ ወደ ውስጥ ከሸሸ ወር አይቆይም። ሰማያዊ ቀለም ስላያችሁም ፈጣን ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ከውስጥ የሚመጣው ገመድ ወፍራምና ሰፊ መሰኪያ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ማዘርቦርዳችሁም ያንን መቀበል አለበት።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። ነጭ ያምራል፣ ቶሎም ይቆሽሻል። ጥቁር ላይ ደግሞ የጣት አሻራ ይታያል።

ቤት ወስዳችሁ ስትሰኩት ላሜራው ሲነካ ነዘር ካደረጋችሁ፣ ሻጩ ጋ ሮጣችሁ አትጣሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የግድግዳው ሶኬት የመሬት መስመር የሌለው መሆኑ ነው። ነቅላችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።