የዋልታ ባሕር በረዶ ወዴት ይሄዳል? የአንድን ተንሳፋፊ ንጣፍ ጉዞና ለውጥ የመከታተያ መንገድ

የዋልታ ባሕር በረዶን ለመከታተል የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው በስሙ ነው። በአማርኛ «በረዶ» ስንል ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ በማቀዝቀዣ የረጋውን ውሃና የዋልታውን ንጣፍ በአንድ ቃል ስለምንጠራ፣ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ልንለያቸው ይገባል። እዚህ የምንነጋገረው ጨዋማው የባሕር ውሃ 1.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከዜሮ በታች ሲደርስ በራሱ ላይ ስለሚሠራው ንጣፍ ብቻ ነው። ከየብስ ግግር ተገምሶ ባሕር ውስጥ የሚወድቀው ተራራ መሰል በረዶ ግን ለዘመናት ከተከማቸ አመዳይ (ከሰማይ እንደ ብናኝ ከሚወርድ ነጭ በረዶ) የተሠራ ጨው አልባ አካል ነው። አብዛኛው ክፍሉ ከውሃ በታች ስለሚገኝ ጥልቀት ያለው የባሕር ውሃ ፍሰት ይበልጥ ይገዛዋል፤ የባሕሩ ንጣፍ ግን ስስ በመሆኑ ዋነኛ ጌታው ነፋስ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከባድ ነው። በካርታ ላይ አንድን ቦታ እያየን ትናንት የነበረው በረዶ ዛሬ ሲጠፋ «ቀለጠ» እንላለን፤ ምናልባት ግን ሄዶ ይሆናል። ስለዚህ ቦታውን ሳይሆን ንጣፉን መከተል ያስፈልጋል። ይህን ካስተማሩን ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ዣኔት የተባለችው መርከብ ናት፤ በ1881 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች፣ በ1884 ደግሞ ዕቃዎቿ በዋልታው ማዶ በደቡብ ምዕራብ ግሪንላንድ ዳርቻ ተገኙ። ኖርዌያዊው ፍሪድቾፍ ናንሰን ከዚህ በመነሣት ፍራም የተባለች መርከቡን በመስከረም 1893 ሆን ብሎ በበረዶ አስያዛት፤ መርከቢቱም ሦስት ዓመት ገደማ ተንሳፍፋ በነሐሴ 1896 ከኖርዌይ በስተሰሜን ባሉት የስቫልባርድ ደሴቶች አቅራቢያ ነጻ ወጣች።

ለመጀመር ያህል በመከር ወራት ከሳይቤሪያ በስተሰሜን ባለው የላፕቴቭ ባሕር አጠገብ የሚገኝ አንድ ነጥብ ይምረጡና ቀኑን፣ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ይመዝግቡ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአመዳይና የበረዶ መረጃ ማዕከል በሳተላይት የተለካውን የበረዶ ስፋት በየዕለቱ ያወጣል፤ የበረዶ እንቅስቃሴና ዕድሜ መረጃዎችም አሉት። በበረዶው ላይ ከተተከሉ መሣሪያዎች የሚላከው የአቀማመጥ መረጃ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉም ይመረጣል። ርቀቱን ሲለኩ ግን በተለመደው አራት ማዕዘን የዓለም ካርታ አይጠቀሙ። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ በምድር ወገብ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ85 ዲግሪ ሰሜን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የተንቀራፈፈውን ንጣፍ የሚበርር ያስመስለዋል። ዋልታው መካከል ላይ የተቀመጠበት ካርታ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ነፋሱን ይመልከቱ። ናንሰን በፍራም ጉዞ ላይ በረዶው ነፋሱን ተከትሎ በቀጥታ እንደማይሄድ፣ ይልቁንም ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ እንደሚታጠፍ አስተዋለ፤ ስዊድናዊው የባሕር ተመራማሪ ኤክማን በኋላ ምክንያቱ የምድር መሽከርከር መሆኑን በሒሳብ አሳየ። በደቡብ ንፍቀ ክበብ መታጠፉ ወደ ግራ ነው። የፍጥነቱ ግምት ከነፋሱ ሁለት በመቶ ገደማ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ወደ ሰሜን በሴኮንድ 10 ሜትር ቢነፍስ፣ ንጣፉ በሴኮንድ 0.2 ሜትር፣ በቀን ደግሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል ማለት ነው። ይህን ግምት በየዕለቱ ከተመዘገበው ቦታ ጋር ያወዳድሩ፤ የተማርኩት ነገር ቢኖር ትምህርቱ ያለው ግምቱ በሠራባቸው ቀናት ሳይሆን ባልሠራባቸው ቀናት መሆኑን ነው።

ግምቱ የሚከሽፈው በተለይ ነፋሱ በረዶውን ወደ የብስ ሲገፋው ነው። ንጣፎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ስለሚቆሙ ነፋሱ ቢበረታም እንቅስቃሴው ይገታል፤ ጉልበቱም በረዶውን ወደ መስበርና ወደ መቆለል ይዞራል። በዋልታው በጋ (በሞቃቱ ወቅት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ገደማ)፣ በረዶው ሲላላ፣ በመሣሪያዎቹ የጉዞ መስመር ላይ በየ12 ሰዓቱ ገደማ አንዴ የሚጠመዘዙ ትናንሽ ቀለበቶች ይታያሉ። ስለዚህ የተጓዘውን መንገድ ርዝመትና ከመነሻው የራቀበትን ቀጥተኛ ርቀት ለየብቻ ይጻፉ። በረጅም ጊዜ ግን ሁለት ታላላቅ መንገዶች ጎልተው ይወጣሉ፦ ከአላስካና ከካናዳ በስተሰሜን በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረው የቦፎርት ዙሪት፣ እንዲሁም ከሳይቤሪያ ተነሥቶ ዋልታውን አቋርጦ በግሪንላንድና በስቫልባርድ መካከል ወዳለው የፍራም ሰርጥ የሚያመራው ተሻጋሪ ጉዞ። በዙሪቱ የገባ በረዶ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ በሁለተኛው የገባው መውጫው ደጁ ላይ ነው።

ንጣፉ ሲጓዝ መወፈሩንም መገመት ይቻላል። የየዕለቱ አማካይ የአየር ሙቀት ባሕሩ ከሚረጋበት ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ በስንት ዲግሪ እንደሚያንስ ይደምሩ፤ ድምሩን በ0.58 ኃይል ከፍ አድርገው በ1.33 ቢያባዙት ውፍረቱ በሴንቲ ሜትር ይገኛል። ይህ የሶቪየቱ ሌቤዴቭ በ1938 ያቀረበው ቀመር ነው። ልዩነቱ በየቀኑ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በ30 ቀን ድምሩ 600፣ ውፍረቱም 54 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ120 ቀን ግን 216 አይደርስም፤ 121 ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱም በረዶው ራሱ ለባሕሩ ብርድ ልብስ ነው፤ በወፈረ ቁጥር የታችኛው ውሃ ሙቀቱን ወደ አየር ለመስደድ ይቸገራል። በላዩ የተነጠፈ አመዳይ ደግሞ ከበረዶው የባሰ ሙቀት ያግዳል።

ከዚህ በላይ የሚወፍረው ብዙውን ጊዜ በመጋጨት ነው። ንጣፎች ሲለያዩ በመካከላቸው ጥቁር ውሃ ይታያል፤ ቀዝቃዛው ወቅት ከሆነ ውሃው ወዲያው በስስ በረዶ ይሸፈናል፤ ተመልሰው ሲገጥሙ ስሱ ይሰበርና ከላይም ከታችም ይከመራል። ስለዚህ ቀመሩ የሚነግረን ያልተጋጨውን ክፍል ብቻ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ጨውም ይቀንሳል፤ በመጀመሪያ በበረዶው ውስጥ የታሰረው ጨዋማ ውሃ ቀስ በቀስ ይንጠፈጠፋል፤ ከአንድ በጋ በላይ የኖረ በረዶ ቀልጦ ሊጠጣ እስከሚችል ድረስ ይጣፍጣል።

በበጋ ንባብዎን ይጠራጠሩ። አመዳዩ ቀልጦ በንጣፉ ላይ ኩሬዎች ሲፈጠሩ፣ የማይክሮዌቭ ሳተላይቶች ኩሬውን ከክፍት ባሕር መለየት ስለሚያቅታቸው በረዶውን አሳንሰው ያሳያሉ። ዘወትር የሚነገረው «ስፋት» ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ በረዶ ያለባቸውን የካርታ ክፍሎች ሁሉ ሙሉ አድርጎ የሚቆጥር ስለሆነ፣ ነፋስ በረዶውን ሲያሰባስብ አንድም ጠብታ ሳይቀልጥ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሲበትነውም ይጨምራል። የአንድ ሳምንት ቅናሽ ባዩ ጊዜ የሳምንቱን ነፋስ ሳይመለከቱ አስተያየት አይስጡ።

መዝገቡን የሚዘጉት ንጣፉ ሲበታተን ነው። ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብ በጥቅምት 2019 በ85 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ራሷን ያሰረችበት ንጣፍ ተሻጋሪውን ጉዞ ተከትሎ ወደ ደቡብ ወርዶ በሐምሌ 2020 መጨረሻ በፍራም ሰርጥ ተሰባበረ፤ ተመራማሪዎቹም የቀዝቃዛውን ወቅት ጅማሬ ለማየት ወደ ዋልታው ተመልሰው በነሐሴ ሌላ ንጣፍ መረጡ።