ስኪ ለሚችል ሰው፦ በኪሎሜትር ብዛት አትታለሉ

ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) የለመደ ሰው ወደ አውሮፓ አልፕስ ተራሮች ሊሄድ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎሜትር መንሸራተቻ አለው?» ብሎ ነው። ቁጥሩ ያታልላል። አብዛኛው ለጀማሪ የሚሆን ሰማያዊ መስመር ከሆነ በሁለት ቀን ይሰለቻችኋል።

ይልቅ ማሽን የማያስተካክለው በረዶ የት እንዳለ እዩ። የኦስትሪያው ሳንክት አንቶንና የስዊዘርላንዱ ቬርቢየር ምልክት ብቻ የተደረገባቸው፣ በረዷቸው በማሽን ያልተደመደመ መንገዶች አሏቸው። ጉልበት ይጨርሳሉ፤ ግን ደስ ይላሉ። የፈረንሳዩ ላ ግራቭ ሌላ ዓለም ነው። ኬብል ካሩ 3,200 ሜትር ላይ ጥሏችሁ ይመለሳል፤ የተስተካከለ መስመር የለም ማለት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክረውም።

ፈረንሳይ ውስጥ ሻሞኒ ከሄዳችሁ ቫሌ ብላንሽ የሚባለው፣ በግግር በረዶ ላይ የሚወርደው መንገድ አያምልጣችሁ። ከ3,842 ሜትር ከፍታው የኤግዊ ዱ ሚዲ ጫፍ ተነስቶ 20 ኪሎሜትር ገደማ ይወርዳል። መጀመሪያ ስኪያችሁን ተሸክማችሁ በጠባብ ሸንተረር ላይ በእግር ትወርዳላችሁ፤ ግራና ቀኙ ገደል ነው። እዚያ ጋ ጉልበት ይከዳል! ዋናው አደጋ ግን የግግር በረዶው ስንጥቅ ነው። አዲስ በረዶ ሲሸፍነው አይታይም። ስለዚህ ገንዘብ ሳትሰስቱ መሪ ቅጠሩ።

የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያውን ጠዋት ጠዋት እዩ። የአደጋው ደረጃ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 3 መሃል ላይ ስላለ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ኢንሹራንሳችሁም ከመስመር ውጪ የሚደርስን አደጋ መሸፈኑን ሳትከፍሉ በፊት አረጋግጡ።